ያልነበረችኝ ሁለተኛ ሽጉጥ

ሰው ሽጉጥ የሚገዛው ሊታጠቀው ነው። እኔ የገዛሁት ላስረክበው ነው። ያውም ከከላላ ደጎሎ፣ ከደጎሎ ወግዲ፣ የበቅሎዬ ኮቴ እንደ ሳሙና እስኪያልቅ ዞሬ፣ ለምኜና ተከራክሬ። ይህን ለሰው ሳወራ ሰሚው እዚህች ላይ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቅና ወሬውን እዚያው እቆርጠዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ዛሬ ልሞክር።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። በደርግ ጊዜ መካነ ሰላም ገበያው ዳር ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ስረግጥ እውል ነበር። የአካባቢው ገበያ በሚቆምበት ቀን ደግሞ መኪናዋን በበቅሎ ጭኜ እስከ ወግዲ እወርዳለሁ። ልብስ መስፋት ግን ሁለተኛ ሙያዬ ነበር፤ አንደኛው አፌ ነው። በእኔ አፍ የቦረና ንፋስ በሬ ከነቀንበሩ አንስቶ ጎጃም ያሳርፋል። የአባይ አዞ ኮርቻ እንደ ቆሎ ይቆረጥማል። ሠርግ የሚጠሩኝም ለዚሁ ነበር፤ ለሙሽራው ሱሪ ሰፍቼ ስጨርስ “አንተም ከሱሪው ጋር ና” ይሉኛል።

ከአባቴ የወረስኩት አንድ ሽጉጥ ነበረኝ፤ ጣሊያን ጥሎት የሄደ። አንድ። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

ከወግዲ መንገድ ወዲህ ባለች መንደር ሠርግ ተጠርቼ ሳለ፣ ሙሽሮቹ ከዳስ ሲወጡ መሣሪያ ያለው ሁሉ ወደ ሰማይ ማጮህ ጀመረ። ከዚህም ምንሽር ከዚያም ዲሞትፈር ሲያስገመግም የእኔ አንዲት ሽጉጥ የዶሮ ሳል መሰለችብኝ። እናም በቀኝ እጄ አንድ ተኮስኩና በጋቢዬ ውስጥ ወደ ግራ እጄ አሻግሬ፣ በዳሱ ምሰሶ ዞሬ፣ በሌላ በኩል ብቅ ብዬ ደገምኩ።

“ሁለት ነው እንዴ ያለህ?” አለ አንዱ።

“የቀኙ ባል ነው፣ የግራዋ ሚስት ናት” አልኩ። “እሱ ሲናገር እሷ ካልመለሰች ያኮርፋል።”

ዳሱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ከሁሉ በላይ የሳቀው ፊት ለፊቴ የተቀመጠ፣ ጠላውን በአፍንጫው ያስወጣ አንድ ሰው ነበር። ያን ሰው ወደፊት አገኘዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሚስቲቱን እኔው ነኝ ያሳደግኋት። በየሠርጉ “ሚስቲቱስ?” ይሉኛል፣ እኔም እጨምራለሁ። ቀናተኛ ናት፤ ሌላ ሽጉጥ አጠገቧ ከተቀመጠ ምላጯን ትነክሳለች። መጀመሪያ ስድስት ጎራሽ ነበረች፣ በዓመቱ ዘጠኝ ሆነች፣ በሦስተኛው ዓመት አሥራ ሁለት ጎረሰች። አገር ሁሉ አወቃት። ያላያት እንኳ “አይቻታለሁ” እያለ መማል ጀመረ።

ኋላ መሣሪያ ያለው ሁሉ ቀበሌ እየቀረበ ያስረክብ ተባለ። ጡሩምባ ተነፋ፤ ስም ዝርዝር ወጣ። ዝርዝሩን ያስጻፈው የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፤ ጠላውን በአፍንጫው ያስወጣው ሰውዬ። በስሜ ትይዩ “ሽጉጥ፣ ሁለት” ይላል።

ቀርቤ የአባቴን ሽጉጥ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ሊቀመንበሩ አገላብጦ አየና፦

“ባልየው መጣ” አለ። “ሚስቲቱስ?”

ጥበቃዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ እሷማ ቀልድ ናት።”

“የተኮሰችው ቀልድ ነው? በጆሮዬ ሰምቻለሁ እኮ።”

“እሱኑ ነው ደግሜ የተኮስኩት። በጋቢ ውስጥ አሻግሬ።” ቆሜ አሳየሁት፤ ባዶ እጄን ከቀኝ ወደ ግራ አሻገርኩ። በሕይወቴ የማንም ሰው ፊት እንደዚያ ሲዘጋ አላየሁም። ያ ሁሉ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ውሸቴን አምኖኝ፣ እውነቱን በተናገርኩባት አንዲት ቀን ውሸታም አለኝ።

“አንድ ሳምንት” አለ ሊቀመንበሩ። “ዋስ ጥራ።”

ከኋላዬ የራሳቸውን አሮጌ ጠመንጃ ሊያስረክቡ ወረፋ የያዙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የአባቴ ባልንጀራ፣ በገበያው ላይ ጨርቅ የሚነግዱ ሐጂ። አባቴ ከሞተ ወዲህ መጀመሪያ ጣቃ ጨርቅ በአደራ የሰጡኝ፣ መኪናዋንም ስገዛ አብረውኝ የቆሙ እሳቸው ናቸው።

“እኔ ነኝ ዋሱ” አሉ ሐጂው።

“እንግዲያው ዋሱ ሚስቲቱ እስክትመጣ እዚሁ ይቆያሉ።”

ያኔ እንዲህ ነበር የሚደረገው። ተፈላጊው ዕቃውን እንዲያመጣ ይለቀቃል፤ ዋሱ ግን የእህል መጋዘኑ ውስጥ ይቆለፍበታል። መጋዘኑ ቆርቆሮ ነው፤ ቀን ይጠብሳል፣ አቧራው ይንሳፈፋል። ሐጂው ደግሞ አስም አለባቸው። እየወሰዷቸው ዞር አሉና፦

“በል ቶሎ አምጣት። በዚህ ዕድሜዬ ሚዜ አታድርገኝ” አሉኝ። ከሩቅ ሲያስሉ ሰማኋቸው።

የሌለችውን ሚስት ፍለጋ በማግስቱ ተነሳሁ።

አሁን ስለ ሽጉጥ አመራረጥ የማላውቀው የለም። ለማስረከብ የምትገዛ ሽጉጥ ሦስት ነገር ያስፈልጋታል። አንደኛ፣ ርካሽ መሆን አለባት፤ ዓይንህ እያየ ለመንግሥት ልትሰጣት ነውና። ሁለተኛ፣ ከሩቅ ሽጉጥ መምሰል አለባት። ሦስተኛ፣ አዲስ መሆን የለባትም፤ አዲስ ከሆነች “ከየት አመጣሃት?” ታስብላለችና ከመጋዘኑ ወደ ባሰ ቤት ትወስድሃለች። መተኮስ ባትችል ግድ የለም።

ችግሩ ይህን የማስበው እኔ ብቻ አለመሆኔ ነው። ከእኔ ሌላም “አለህ” የተባለ፣ የሌለውን መሣሪያ የሚፈልግ ሰው አገሩን ሞልቶታል። ድሮ ሕፃን የሚጫወትበት የዛገ ብረት ያኔ እንደ ታቦት ተሸፍኖ ነው የሚታየው። ከላላ አንድ የደብር አገልጋይ መርፌ የሌላት ሽጉጥ አሳዩኝ። መርፌ ብቻ አይደለም፣ ምላጭም የላትም።

“አባቴ፣ ይቺ እኮ የሽጉጥ አፅም ናት” አልኳቸው።

“አፅምስ ብትሆን ጾም አታድርም፤ ነገ የሚወስዳት አለ” አሉና ጊደር የምታወጣ ዋጋ ጠሩብኝ። ሰውየው አልዋሹም፤ በማግስቱ ተሸጠች።

ደጎሎ የጭነት መኪና ሾፌር ከመቀመጫው ሥር አንዲት አወጣልኝ። ወለል ያለች፣ ዘይቷ ያልደረቀ፣ ሙሽራ ናት። ዋጋዋን ስሰማ እጄን ከላይዋ አነሳሁ። ዋጋዋ ይቅርና፣ ይቺን ይዤ ሊቀመንበሩ ፊት ብቀርብ ከየትኛው ወታደር ሰረቅህ ነው የምባለው። እንዲህ እያልኩ አራት ቀን አለቀ። በአራተኛው ቀን ከመካነ ሰላም የመጣ ነጋዴ፣ ሐጂው ለሰላት ቆመው መቀመጥ እንዳቃታቸው፣ ተቀምጠውም መነሣት እንዳቃታቸው ነገረኝ።

በአምስተኛው ቀን ወግዲ ገበያ መኪናዬን ተክዬ እየሰፋሁ፣ ለማምነው ሁሉ “ያረጀ ብረት የሚሸጥ ታውቃለህ?” እያልኩ በሹክሹክታ እጠይቃለሁ። አንዲት ሴት የወንድ ኮት ይዛ መጣች። ዕድሜዋ ከእኔ የሚበልጥ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ዝምተኛ ናት። ጀርባውን ጣፍልኝ አለች።

ኮቱን መኪናው ላይ ዘረጋሁት። የልብስ ቀዳዳ ለእኔ እንደ ፊደል ነው። ብል የበላው ዳሩ ይበጣጠሳል፤ ፍም የነካው ይጠቁራል፤ ምስማር የያዘው ወደ አንድ ጎን ይቀደዳል። ይህ ቀዳዳ ክብ ነበር። ፊት ለፊቱን ገልብጬ ሳይ ትይዩው ላይ ሌላ አለ፣ እሱ ሰፋ ያለ። ቀና ብዬ አየኋት። እሷም አየችኝ።

“ሽማግሌ ታስሮብሃል የሚሉት እውነት ነው?”

“እውነት ነው እቴ። በእኔ አፍ ነው የታሰሩት።”

“ስትጨርስ ኮቱን ቤት አምጣልኝ” ብላ ቤቷን ጠቁማኝ ሄደች።

ቀዳዳዎቹን ከኮቱ ኪስ ውስጥ በቆረጥኩት ጨርቅ ጣፍኳቸው። እንደዚያ አጥርቼ ጥፌ አላውቅም፤ በእጅ ካልዳሰሱት በዓይን አይገኝም። ቤቷ ስደርስ ከጭቃ ጎታው ሥር በአመድ የተሞላ እንስራ ጎትታ አወጣችና እጇን እስከ ክርኗ ከተተች። የወጣችው ስድስት ጎራሽ አሮጌ ሽጉጥ ናት። ዝጋለች፣ ሽክርክሪቷ አይዞርም። እጀታዋ ላይ የመዳብ ሽቦ ጥብቅ ብሎ ተጠምጥሟል።

“አትተኩስም” አለች።

“ባትተኩስ ይሻላል።”

የጠየቀችኝ ለዘር የሚሆን ገብስ ብቻ ነበር። ከከላላው አፅም ዋጋ ሩቡን አይሆንም። “ለሽማግሌው ነው እንጂ ለአንተ አልሸጣትም ነበር” አለች፤ ቀጥላም ሽቦውን በጣቷ ነካች።

“ይህን አውልቀው። እሱ ነው የጠመጠመው፣ እጀታዋ ሲሰነጠቅ። የወግዲ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ሊፈትሹ ለመጡት ከእሱ ጋር አባይ ገባች ብዬ ምዬላቸዋለሁ።”

ባሏ ሸፍቶ ቆላ ወርዶ እንደነበር፣ እዚያም እንደተገደለ ያኔ ገባኝ። ሽጉጡን ፈልገውት ነበር ማለት ነው። ኮቱ ብቻ ነው የተመለሰላት።

“መንገድ ላይ አወልቀዋለሁ” አልኳት።

“ማልልኝ።”

“ወላሂ።”

“አንተ ክርስቲያን አይደለህ?”

“ዋሴ እስላም ናቸው፤ በእሳቸው ስም ልማል ብዬ ነው።”

ሳቀች። ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ቀልዴ ካሳቃቸው ሰዎች ሁሉ የማልረሳው የእሷን ድምፅ ነው።

ከወግዲ ዳገቱን ወጥቼ በቅሎዬን አሳረፍኩ። ሽጉጡን ከእቃዬ አወጣሁና የሽቦውን ጫፍ በጥፍሬ ፈልጌ ያዝኩ። ጉም ገለጥ ብሎ ፀሐይ ወጣች፤ መዳቡ ላይ ስታርፍበት አበራ። አምባር መሰለኝ፤ በሴት እጅ ላይ ያለ አምባር። አንዲት ነገር ወደ አፌ መጣች። ሊቀመንበሩ ፊት ስቀርብ የምላትን፣ ከዚያ የሚከተለውን ሳቅ፣ የሐጂውን መፈታት አንድ ላይ አየኋቸው። የሽቦውን ጫፍ ወደ ቦታው መለስኩት። ይህን ስጽፍ እጄ እዚህች ላይ ይቆማል። ማንም አላስገደደኝም፤ ጊዜም አልጠበበኝም። ቀልዷ አማረችኝ።

በማግስቱ ቀበሌ ገብቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት።

“ይኸውላችሁ ሚስቲቱ፣ ከነአምባሯ!”

እንዳሰብኩት ሆነ። ሊቀመንበሩ እንባውን እየጠረገ ሳቀ። “አሥራ ሁለት ጎራሽ አልነበረችም እንዴ?” አለኝ፣ “በንዴት ከሳች” አልኩት፣ እንደገና ሳቁ። ሐጂው ከመጋዘኑ ወጡ። የእህል አቧራ ቅንድባቸውን አንጥቶት፣ አንድ ጥበቃ ደግፏቸው። ሳቁን ሲያዩ እሳቸውም ፈገግ አሉ።

ጥግ ላይ ለስብሰባ ከወግዲ ቀበሌ የመጣ አንድ ሰው ተቀምጦ ነበር። ተነሣና ሽጉጡን አነሣ። በአውራ ጣቱ ሽቦውን ዳበሰ።

“ይህን ሽቦ አውቀዋለሁ” አለ። “ከማን ገዛኸው?”

“ከከላላ ገበያ” አልኩ። እዚያ ላይ ዝም ብል ምናልባት ያልፍ ነበር። እኔ ግን አልበቃኝም። “ከአንድ ረጅም ሰው፤ አንድ ዓይና ነው፤ ግራ እግሩን ያነክሳል፤ ነጭ በቅሎ ይጋልባል፤ ከአጠገቡ ለቆመ የሽንኩርት ሽታው…”

“በቅሎይቱ ክንፍ የላትም?” አለ ሊቀመንበሩ፤ ጥበቃዎቹ ተንከተከቱ። ዕድሜዬን ሁሉ ስዋሽ ኖሬ፣ ውሸት ለሰው ነፍስ በሚያስፈልግበት ሰዓት ያመጣሁት ያንን ነው።

የወግዲው ሰው አልሳቀም። “አባይ ገባች ብላ ምላ ነበር” አለ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ሽጉጡን መልሶ አስቀመጠና ተቀመጠ።

በዚያው ሰዓት በቅሎዬን ጭኜ ልሮጥላት እችል ነበር። ሐጂውን ቤታቸው ላድርስ አልኩ፤ አደረስኩ። ነገ እሄዳለሁ አልኩ። በነጋታው ደግሞ፣ ምናልባት ረስቶታል አልኩ። ሦስት ቀን እንዲህ አልኩ። ፍርሃት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

በአራተኛው ቀን ሐጂው አስጠሩኝ። መደብ ላይ ጋደም ብለው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ነበር።

“ሽጉጧን ከማን አመጣሃት? ለእኔ አትቀልድ።”

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኮቱን፣ አመዱን፣ ሽቦውን፣ ወላሂ ማለቴን። መቁጠሪያው እጃቸው ላይ ቆመ።

“በእኔ ስም ነው የማልከው?”

“አዎ፣ ሐጂ።”

“እኔ እዚያ መጋዘን ብሞት ዕድሜዬ ነው፤ ልጆቼ ቀብረውኝ ይገቡ ነበር። አሁን በማን ላይ ጭነኸኝ ነው የምኖረው?” ተነሡ። “በቅሎህን ጫን። አብረን ነው የምንሄደው።”

እሳቸውን በቅሎ ላይ አስቀምጬ፣ እኔ በእግሬ ሆኜ ወረድን። በየዳገቱ እያስቆሙኝ ትንፋሽ ይሰበስባሉ። ቤቷ ስንደርስ በሩ በገመድ ታስሯል። ጎታው ተሰብሮ ደጅ ወጥቷል፤ አመዱ በግቢው ተበትኗል። የሰጠኋት የዘር ገብስ ከነስልቻው የለም። ከአጥሩ ማዶ አንዲት ጎረቤት ፊቷን ሳታሳየን፦

“ወሰዷት” አለች።

“መቼ?”

“ትናንት።”

ትናንት። ሐጂው ከበቅሎ ወርደው በተዘጋው በር ፊት ቆሙ። ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

“አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልጄ” አሉ፣ ለበሩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። እኔም ልል ፈለግሁ፤ ያ አገር ያወቀው አፌ አልከፈትልህ አለኝ።

ደሴ ተወሰደች ያለ አለ። ከክረምት በኋላ ተለቅቃ አባይን ተሻግራ ጎጃም ዘመዶቿ ጋ ገብታለች ያለም አለ። እኔ ጎጃሙን መርጫለሁ። የመረጥኩት ስለሚጥመኝ ነው እንጂ ስለማውቅ አይደለም። ሐጂው ሁለት ዓመት ቆይተው ሞቱ። እስከ መጨረሻቸው ጨርቅ በአደራ ይሰጡኝ ነበር፤ ቀልድ ግን ከእኔ አልሰሙም፤ ስጀምር እጃቸውን ያነሣሉ።

ሽጉጧ ግን ከመካነ ሰላም አልወጣችም። የተሰበሰበው መሣሪያ ሁሉ ተጭኖ ሲሄድ ሊቀመንበሩ እሷን አስቀራት፤ ባትተኩስም ወገብ ላይ ታምራለች። በየገበያ ቀኑ በበረንዳዬ ፊት ያልፋል። ከሩቅ መዳቡ ሲያበራ አንገቴን ወደ መኪናው እደፋለሁ። እሱ ግን ቆም ይላል።

“ሚስትህ ደህና ናት!” ይለኛል።

ገበያው ይስቃል። ስንት ገበያ እንደዚያ እንዳለኝ አልቆጠርኩትም። በእያንዳንዱ ሳቅ ውስጥ አንዲት ሴት ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ እሰማለሁ። የሰው ኮት ሲመጣልኝም፣ “እጅጌውን አሳጥርልኝ” ብቻ ቢሉኝ እንኳ፣ መጀመሪያ ጀርባውን ወደ ብርሃን ይዤ አያለሁ። እስከ ዛሬም አያለሁ።

አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ሽጉጧን ከወገቡ ፈትቶ መኪናዬ ላይ አጋደማት።

“ከሸራ አፎት ስፋላት። ለክተህ ቶሎ ጨርስ፤ ቀበሌ ደርሼ እመጣለሁ።”

ሄደ። ሽጉጧና እኔ ብቻችንን ቀረን። ሸራውን አልቆረጥኩም። የሽቦውን ጫፍ በጥፍሬ ፈለግሁት፤ ያኔ ዳገቱ ላይ የመለስኩበት ቦታ ላይ ነበር። ሳብኩት። እየተተረተረ መጣ። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት የሚፈጀውን ጊዜ አልፈጀም። ሥሩ ያለው ስንጥቅ ፀጉር አያስገባም።

ከዚያ ለክቼ አፎቱን ሰፋሁ። ሊቀመንበሩ ተመልሶ ሽጉጧን አነሣና እጀታዋን አየ።

“አምባሯስ?”

“አውልቀው ተብዬ ነበር። ዘግይቼ ነው።”

“ማን አለህ?”

“ባለቤቷ” አልኩት።

ቀልድ እስኪከተል ጠበቀ። አልተከተለም። ሽጉጧን ወዲያ ወዲህ አገላበጣት፣ ቅር እያለው።

“እንዲህማ ከሆነች ከማንም ሽጉጥ አትለይም።”

“አዎ” አልኩት። “አትለይም።”